የትዕግስት ትከሻ ላይ የቀረው እጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 7

አልወጣ አለ። ራሱ ወጣ፣ ደረቱ ወጣ፣ ያ ግራጫ ሱፉ ወጣ፤ እጁ ግን ልጄ ትከሻ ላይ ቀረ። ባለቤት የሌለው እጅ ከኋላዋ ይዟት ኮምፒውተሩ ላይ አየሁት።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። የልጄ የትዕግስት ሙት ዓመት እሑድ ነው። ጾሙ ሳይገባ እንዲሆን ብዬ ነው የቸኮልኩት። ሐውልቱን የሚሠራው ጋሽ ታደለ እምነበረዱ ላይ ለፎቶ የሚሆን ቦታ ቆርጦ ትቶልኛል። «እትዬ አሰለፈች፣ ፎቶውን እስከ ዓርብ ካላመጡ በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ። ቀዳዳ ይዞ የሚመረቅ ሐውልት የለም» ብሎኛል። ሲናገር አያፍርም፣ ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ እሱም ድንጋይ ሆኗል።

ልጄ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር። ፊቷ በደንብ የሚታይበት ያለኝ አንድ ነው። የቅልቅሏ ቀን ከባሏ ከደረጀ ጋር የተነሳችው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ጥርሷን ሳታሳይ ትስቃለች። ሰውየው ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋን ይዟል።

ደረጀን ልጄ መቃብር ላይ አላስቀምጠውም። አምና ምጥ ሲይዛት ሸቤ ከተማ ነበረች፣ እሱ ቤት። አይሱዙ መኪና ነበረው። መኪናው ላይ ቡና እየተጫነ ነበር። «ጭነቱ ይጠናቀቅና አብረን እንወስዳታለን፣ የመጀመሪያ ምጥ አይቸኩልም» አለ። ይህን ያለው እሱ ነው፣ አልካደም። ጭነቱ አለቀ። ጅማ ሳይደርሱ እሷም አለቀች፣ በሆዷ የነበረውም።

ፎቶ ቤቱ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ነው፣ ከጨርቅ ተራው ፊት ለፊት። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ሰሚራ የምትባል ከየቡ ከተማ የመጣች ልጅ ናት። ሻሽ ያደረገች፣ አፏ የማያርፍ። «አካም ቡልታን፣ እማማ!» ብላ ተቀበለችኝ። ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ ስመልስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ደህና አልኳት።

«ይሄን ሰውዬ አጥፊልኝ።»

«ማን ናቸው?»

«ጠላቴ ነው።»

«ዋላሂ፣ ጠላት እንዲህ ሱፍ ያምርበታል?»

አልሳቅኩላትም። እሷ ግን ሳቀች፣ ለሁለታችንም።

ማስክ አደርግበታለሁ አለች። ጭምብል ማለት ነው። ከፎቶው ጎን አንዲት ትንሽ ነጭ ካሬ አወጣች። እዚያ ላይ በጥቁር ስትቀባ ደረጀ ከፎቶው ላይ ይጠፋል። «ነጩ ያሳያል፣ ጥቁሩ ይሸፍናል፤ በቃ ይኸው ነው» አለችኝ። ጆሮው ሄደ። አፉ ሄደ። ያ «አይቸኩልም» ያለበት አፍ። እውነቱን ልጻፍ፣ ልጄ ከሞተች እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

ከዚያ አንድ ነገር ነካች፤ ሰውየው ሙሉውን ተመልሶ ቁጭ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። «አጠፋሁት አላልሽም?»

«አላጠፋሁትም እማማ፣ ሸፈንኩት እንጂ። ማስክ እንደዚህ ነው። ስዘጋው ይሄዳል፣ ስከፍተው ይመጣል።»

«ላጲስ የለሽም?»

«አለ። በላጲስ የፋቁት ግን አይመለስም። እጄ ቢስት የልጅዎን ጉንጭ ነው የምበላው።»

ተቀመጥኩ። እጁን ሸፍኚልኝ ስላት ሸፈነችው፤ ትከሻዋ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ባዶ ቀዳዳ ተከፈተ። ከእጁ ሥር ምንም የለም አለችኝ። ካሜራው ያየው እጁን ነው፣ ትከሻዋን አላየውም። ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ትከሻዋ የሚታይበት ሌላ ፎቶ ያምጡ አለችኝ።

እጁን መልሳ ከፈተችው፣ አቀረበችው፣ ትልቅ አደረገችው። አመልካች ጣቱ ጥፍር የለውም። የቡና መፈልፈያ በልቶበት ነው። ልጄ ትነግረኝ ነበር፣ እንደ ጀግና ቁስል።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ለእሑድ የቀረ፤ በርበሬ (አልተፈጨም)። ድንኳን፣ ለእድሩ ተነግሯል። ለካህናቱ፣ ተነግሯል። ብርጭቆ፣ የሺ ታመጣለች። ፎቶ፣ የለም።

ሳጥኔን ገለበጥኩት። የክርስትናዋ አለ፣ የስምንተኛ ክፍል የመታወቂያዋ ጉርድ አለ፣ ዓይኗን ጨፍና። ያ ቀሚስ የለበትም።

ጎረቤቴ የሺ በርበሬ ልትቀነጥስልኝ መጣች፣ ወሬ ልትቀነጥስ ነው እንጂ። ፎቶውን ለምን ፎቶ ቤት እንደወሰድኩ ሰምታለች። በዚህ ከተማ ከንፋስ በፊት የሺ ናት የምትሰማው።

«አሰለፈች፣ ባልን ከሚስቱ ጎን ነቅሎ እሷን ብቻ መቃብር ላይ መለጠፍ የት አገር አየሽ?»

«እዚሁ ጅማ። ኮምፒውተር መጥቶልሻል።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ልጄ ስትሞት ሰው ምን አለ? እግዜር ያጽናሽ ብሎ፣ ንፍሮውን በልቶ ሄደ።»

አኩርፋ በርበሬውን ጥላ ሄደች። ለብቻዬ ቀነጠስኩት። ዓይኔ ነደደ፣ ይሁን፣ ማልቀሻ ሆነኝ።

ከሰዓት ፎቶ ቤት ሄድኩ። ሰሚራ ቢያንስ ፀጉሯን ልጨርስልዎ ብላ ነበር። ልጄ ሹሩባ ተሠርታ ከኋላ ለቅቃው ነበር፤ ያ የተለቀቀው ከሰውየው ኮት ጋር ተደባልቋል። ሰሚራ በቀጭን ብሩሽ ፀጉሩን አንድ በአንድ ለየችው። ቁጭ ብዬ አየሁ። እንደዚያ ፀጉሯን አበጥርላት ነበር። ከዚያ በዚያው ማስክ ላይ የኮቱን ኮሌታ በወፍራም ብሩሽ ልሸፍን ስትል ፀጉሩንም አብራ ሸፈነችው። «ውይ፣ በላሁት!» አለች። ልትመልሰው ስትል መብራት ሄደ። ዛሬ የእኛ ፈረቃ ነው ለካ። አላስቀመጠችውም ነበር፤ የለቀመችው ፀጉር ሁሉ ጠፋ።

እሷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ላጽናናት! «ተነሺ፣ ፀጉር ነው» አልኳት። ራሴን ታዘብኩት።

ወደ ቤት ስመለስ በመቃብሩ በኩል አለፍኩ። ጋሽ ታደለ ጽሑፉን ቀርጾ ጨርሷል። ቆሜ አነበብኩት። ፊደል ያስተማረችኝ ትዕግስት ናት፣ አራተኛ ክፍል ሆና፣ እኔ ፀጉሬ ሽበት ሲጀምረው። በመጥረጊያ ስንጥር እየጠቆመች፣ ስሳሳት «አሰለፈች፣ ድገሚ!» እያለች፣ እንደ አስተማሪዋ። ለካ ያን ሁሉ የለፋችው ሐውልቷን እንዳነብ ነው። ሳልማር ብቀር ኖሮ ዛሬ ድንጋይ ብቻ አይቼ እመለስ ነበር።

ያ ቀሚስ ያለበት ሌላ ፎቶ የት እንዳለ አውቃለሁ። ከጠዋት ጀምሮ አውቃለሁ። የቅልቅሉ አልበም ሸቤ ነው፣ ደረጀ ቤት።


ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ሄድኩ። እግሬን እየረገምኩ ሄድኩ።

መኪናው ውስጥ ሰውም ጆንያም እኩል ተጭኗል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡናው ቀልቷል፣ ለቃሚው ይጫጫል፣ አንዲት ሴት ትዘፍናለች። ያን መንገድ ልጄ በጭነት መኪና፣ ከጆንያ ጋር መጥታበታለች። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ መኪናው ሲነጥር እሷን አሰብኩ። ረዳቱ «እማማ፣ አሞዎታል?» አለኝ። መንገዱ ነው አልኩት።

ደረጀን ግቢው ውስጥ አገኘሁት፤ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ያገላብጣል። ከስቷል። ያለቅጥ ከስቷል። ሲያየኝ የያዘውን እንጨት ጥሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እማማ፣ ሰው ቢልኩብኝ እኔው እመጣ ነበር።»

«ፎቶ ፈልጌ ነው። የቅልቅሉን። ትከሻዋ የሚታይበት።»

«ለሐውልቱ ነው?»

«ለሐውልቱ ነው። እዚያ ካለኝ ፎቶ ላይ አንተን ላወጣህ ነው።»

እንዲቆጣ ፈልጌ ነበር። ባሏ እኮ ነኝ እንዲል፣ እንድጮህበት። አንድ ዓመት ሙሉ የምጮኸውን ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ቡናውን አየ፣ መሬት አየ፣ «ይቀመጡ፣ ላምጣ» ብሎ ገባ። አልተቀመጥኩም። ሠራተኛዋ ውሃ አመጣችልኝ። ጠምቶኝ ነበር፣ አልጠጣሁም።

አልበሙን ይዞ መጣ። «ሁሉንም ይውሰዱት» አለኝ። አንዱ ይበቃኛል አልኩት። አገላበጠ። መስታወት ፊት የተቀመጠችበትን አገኘልኝ። ጀርባዋን ሰጥታለች፣ ፊቷ አይታይም፣ ለመቃብር አይሆንም፤ ትከሻዋ ግን ሙሉ ነው፣ ጥልፉ እንኳ ይታያል። ፎቶው ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ነበር። እንዳይቀደድ ጥፍር በሌለው ጣቱ ቀስ እያለ፣ ትንሽ በትንሽ እየላጠ አወጣው።

ለወረቀት መጠንቀቅ ያውቃል!

በሩ ድረስ ተከተለኝ። «እሑድ ልምጣ?» አለኝ።

«መንገዱ የመንግሥት ነው» አልኩት።

መልሱ ደስ አለኝ። መኪናው ውስጥ ስገባ ግን ደስ ማለቱ አልቆ ነበር።


ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ጠዋት መብራት አለ። ሰሚራ ከእኔ ቀድማ ገብታለች። ትናንት ማታ ዘዴ ስታስብ እንዳደረች ነገረችኝ።

የማክሰኞው ስህተት ሁሉንም በአንድ ማስክ ማድረጓ ነው። ዛሬ ሁለት አደረገች። ፎቶው የራሱ ማስክ አለው፤ እዚያ ላይ ረቂቁን ሥራ ትሠራለች፣ ፀጉሩንና እጁን። ከዚያ ፎቶውን ፎልደር የሚሉት ማኅደር ውስጥ አስገባችው፤ ፎልደሩም የራሱ ማስክ አለው። እዚያ ላይ ሰውየውን በወፍራሙ ትሸፍናለች። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይነካም። ከሥር ደግሞ ከሸቤ ያመጣሁትን ትከሻ አስቀመጠች፣ እጁ ሲሸፈን እሱ እንዲታይ።

«ገባዎት እማማ?»

«የግቢ በርና የቤት በር ነዋ። ሁለቱም ካልተከፈተ ማንም አይታይም።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «ዋላሂ፣ እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ እንዲህ ቢለኝ ኖሮ ሁለት ሳምንት አላለቅስም ነበር።»

በየደቂቃው ታስቀምጠዋለች። እኔም «አስቀመጥሽው?» እላታለሁ። ሻይ መጣ፣ በረደ። ፀጉሩ እንደገና አንድ በአንድ ወጣ። ትከሻው ገባ። ቀለሙ ትንሽ ቢጫ ነበር፣ አስተካከለችው። ሰውየው ከነኮቱ ከግቢው በር ውጭ ቀረ። እጁ ሄደ። ከኋላ ሰማያዊ አደረገችላት።

«ይኸው» አለች።

አየሁት። መጀመሪያ አልገባኝም። ልጄ ብቻዋን ናት፣ ንጹሕ፣ ምንም እንከን የለም። ግን ትወድቃለች። አንገቷ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው፣ ትከሻዋም ወደ ኋላ ያጋደለ። ደገፍ ብላ ነበር። ደገፍ ያለችበት ደግሞ የለም። ልክ ወንበር ከሥሯ እንደሳቡባት፣ እየሳቀች ትወድቃለች።

ሰሚራም አይታዋለች። «አንገቷን ላቃናው?» አለችኝ በቀስታ። አቃናችው። ቀጥ አለች። ሌላ ሴት ሆነች። የወረዳ ጸሐፊ መሰለች። ሳቁ እንኳ ያኛው ሳቅ አይደለም።

«መልሺው» አልኳት።

መለሰችው። ወደቀች።

ተነስቼ ወጣሁ። ነገ ዓርብ ነው። ጋሽ ታደለ ሲሚንቶውን ያቦካል።


ዓርብ፣ ኅዳር 11

ጎህ ሲቀድ ነቃሁ፣ ዓይኔን ስከፍት እሷ ትወድቃለች፣ ስጨፍን ትወድቃለች።

የሺ ኩርፊያዋን ትታ ብርጭቆ ይዛ መጣች። ልነግራት አልፈለግሁም፣ ነገርኳት። አንድ ጊዜ እንኳ «ብዬሽ ነበር» አላለችም። እንዲህ ዓይነት ደግነቷ ነው የሚያናድደኝ። «ጉርዱን አድርጊው» አለችኝ፣ ዓይኗን የጨፈነችበትን። በሙት ዓመቷ ዓይኗን ጨፍና ላቁማት? አላደርገውም።

ፎቶ ቤት ሄድኩ። ቁጭ እንዳልኩ አልኳት፤ «የቤቱን በር ክፈቺው።»

«ማ... ምን?»

«እጁን። እጁ ይመለስ። የግቢውን አትንኪው፣ ሰውየው ውጭ ይቅር።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ የፎቶውን ማስክ ነክታ፣ ብሩሹን ነጭ አድርጋ፣ ትከሻዋ ላይ ቀባች። መጀመሪያ አውራ ጣቱ መጣ። ቀጥሎ ሌሎቹ። መጨረሻ ላይ ያቺ ጥፍር የሌላት። ልጄ መውደቋን አቆመች። እንዲሁ ቆመች።

«ሰው የማን እጅ ነው ቢልዎትስ?»

«ይበል።»

ይቅርታ አይደለም። ይህን ለራሴ ስል ልጻፈው፣ በኋላ ሌላ ሆኖ እንዳይታየኝ። ያን እጅ እጠላዋለሁ። ልጄ ግን ድንጋይ ላይ ዘላለም እየወደቀች እንድትኖር አልፈልግም። እሷ ያን ቀን የተደገፈችው እሱን ነው። የመረጠችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። መሸፈን እችላለሁ፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር የለም።

ሰሚራ አሳጥባ፣ አስለብዳ ሰጠችኝ። ሲዲም ጨመረችልኝ። «ሥራው ሳይዘጋ እንዳለ ነው ያለው፣ ሁለቱም ማስክ። አንድ ቀን ልክፈተው ካሉ ይከፈታል» አለችኝ።

«አልልም።»

«ኢንሻአላህ አይሉም» አለች። ስትስቅብኝ ይሁን ስታዝንልኝ አላወቅሁም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ፎቶውን መቃብር ቦታው ድረስ ወሰድኩት። ትናንት መሽቶብኝ ሳልሄድ በመቅረቴ ጋሽ ታደለ ቀዳዳውን ሊደፍነው ነበር፤ አሸዋውን ሁሉ ነፍቷል። ተቆጣኝ። ፎቶውን ሳሳየው የሚሸፍነውን መስታወት አነሳ።

መስታወቱን ሊገጥም ሲል ተጠግቶ አየው። «እትዬ፣ የፎቶ ቤቷ ልጅ ጣት ረስታለች። ይኼን አላየችውም እንዴ?»

«አልረሳችም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«ግጠመው ጋሽ ታደለ።»

ገጠመው። በጣቱ ሲሚንቶውን ዙሪያውን አስተካከለው። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ድንጋይ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል።

ሲዲውን ሳጥኑ ውስጥ፣ ከልብሷ ሥር አደረግሁት። ልሰብረው ሁለት ጊዜ አንስቼ ነበር።


እሑድ፣ ኅዳር 13

አለቀ።

ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ነጠላውን ከሐውልቱ ላይ አነሳሁት። ሰው ተጠጋ። ለቅሶው ጀመረ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ቀነሰ፣ ምክንያቱም ሁሉም ጣቶቹን አይቷል። የሺ ብቻ ናት ድምፅ ያወጣችው፣ ሹክ ያለች መስሏት። «ውይ! ይሄ እጅ የማን ነው?»

ደረጀ መጥቶ ነበር። መጨረሻ ላይ፣ ከአጥሩ አጠገብ፣ ጋቢ ለብሶ። ሰው ሲበተን ተጠጋ። ቆመ። ፎቶውን አየ፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ከዚያ ወደ ትከሻዋ ወረደ። ያወቀበትን ሰዓት አየሁ። አላለቀሰም። ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ጋቢው ውስጥ ከተተው፣ እንደሚደብቅ ልጅ።

ይመለሳል ብዬ ነበር፣ ወደ ሸቤ። ቤት ደርሼ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ግን አገኘሁት። እንግዳው ተቀምጧል፣ ምግቡ ቀርቧል፣ የሚያስታጥብ ሰው አልታዘዘም። እኔ ነኝ የረሳሁት። የእድሩ ሰዎች እርስ በእርስ ይተያያሉ። ይህ የቤት ልጅ ሥራ ነው፣ እኔ ቤት ደግሞ ልጅ የለም።

እሱ ጋቢውን አውልቆ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ። ማንቆርቆሪያውንና ሳህኑን አነሳ። ማንም አላዘዘውም። ከካህናቱ ጀመረ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹን፣ ከዚያ ሴቶቹን። ጎንበስ እያለ ያፈስሳል፣ ፎጣ ያቀብላል። የሺ ስትታጠብ ጣቱን አየች፤ አፏን ልትከፍት ብላ መልሳ ዘጋችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እኔ መጨረሻ ነበርኩ። መጥቶ ፊቴ ጎንበስ አለ።

«ይታጠቡ፣ እማማ።»

ቀና ብዬ ፊቱን አላየሁም፣ ኮቱንም ደረቱንም አላየሁም። የማንቆርቆሪያው እጀታ ላይ ያለችውን ጥፍር አልባ ጣት ብቻ አየሁ።

እጄን ዘረጋሁ። አፈሰሰ።